ስህተቱን ማን አየው

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2007 እሑድ ነበር። ናይሮቢ ውስጥ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ ሰው ተሰብስቦ በኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል የሚሆነውን ይከታተል ነበር። ሦስት ቀን ሲጓተት የቆየው የኬንያ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የድምፅ ቆጠራ በጩኸትና በግፊያ መሃል ድንገት ተቋረጠ። ጥቂት ቆይቶ የምርጫ ኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ሳሙኤል ኪቩይቱ በመንግሥት ቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ ብቅ አሉና ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ማሸነፋቸውን አወጁ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ኪባኪ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ተፎካካሪያቸው ራይላ ኦዲንጋ ድምፃችን ተሰርቋል አሉ። መንግሥት በዚያው ምሽት የቀጥታ ሥርጭትን ከለከለ። ሰው ወሬ ፍለጋ ወደ ደጅ ሲወጣ ከተማው መንደድ ጀምሮ ነበር።

በናይሮቢ የድሆች ሰፈሮች በኪቤራና በማታሬ ጎማ ነደደ፣ ሱቅ ነደደ፣ ቤት ነደደ። ኪሱሙ ላይ ጥይት ተተኮሰ። በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ኤልዶሬት አጠገብ ኪያምባ በምትባል መንደር ሴቶችና ሕፃናት የተጠለሉበት ቤተ ክርስቲያን በእሳት ተያያዘ። ሁከቱ እስኪበርድ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ይህ ቁጥር የታወቀው ግን ኋላ ነው። በዚያ ሳምንት የት ምን እየደረሰ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። ውጤቱን ያወጁት ኪቩይቱ ራሳቸው ኪባኪ በእርግጥ ማሸነፍ አለማሸነፋቸውን እንደማያውቁ ለጋዜጠኞች ተናገሩ።

የእጅ ስልክ ግን ይሠራ ነበር። በእርሱም የጥላቻ ጽሑፍ ይዛመት ስለነበር መንግሥት አጭር የጽሑፍ መልእክትን ለመዝጋት አሰበ። የሳፋሪኮም ኃላፊ ማይክል ጆሴፍ መስመሩን ከመዝጋት ይልቅ ለደንበኛው ሁሉ የሰላም መልእክት መላክ ይሻላል ብለው አሳመኑ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህን ውሳኔ ክብደት ሳይነገረው ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት እኛ ዘንድ የተዘጋው የጽሑፍ መልእክት የተከፈተው በሚሌኒየሙ መባቻ፣ ኬንያ ከመንደዷ ጥቂት ወራት ብቻ ቀደም ብሎ ነበር። ናይሮቢም ያን መስመር ዘግታው ቢሆን ኖሮ ከዚህ በታች የሚተረከው ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ኦሪ ኦኮሎ በሃርቫርድ ሕግ የተማረች ኬንያዊት ነበረች። የምትኖረው ጆሃንስበርግ ሲሆን ለምርጫው አገሯ ገብታለች። በ2006 የፓርላማ አባላትን ሥራ የሚከታተል ምዛሌንዶ የተባለ ድረ ገጽ ካቋቋሙት አንዷ ነበረች፤ ከዚያ ሌላ በግል ገጿ ላይ ስለ አገሯ ፖለቲካ ትጽፍ ነበር። ሥርጭቱ ሲታገድ ይህ የግል ገጿ ለብዙዎች ዋና የወሬ ምንጭ ሆነ። ሰዎች ያዩትን በኢሜይል ይልኩላታል፤ እርሷ ታነባለች፣ ታጣራለች፣ ታወጣለች። ወዲያው ግን የሚላከው ከአንድ ሰው አቅም በላይ ሆነ። አንዱን አጣርታ ሳትጨርስ ሌላ ይደርሳል።

ጃንዋሪ 3 ቀን 2008፣ ጆሃንስበርግ ከተመለሰች በኋላ፣ አንድ ሐሳብ ጻፈች። ኬንያውያን አንድ ቀን መታረቃቸው አይቀርም። ለመታረቅ በየሰፈሩ የሆነው ነገር እውነቱ መውጣት አለበት፤ እውነቱ እንዲወጣ ደግሞ ሳይረሳ መመዝገብ አለበት። ግድያውና ቃጠሎው የት የት እንደደረሰ በጎግል ካርታ ላይ የሚያሳይ ነገር መሥራት የሚችል የኮምፒውተር ሰው ይኖር ይሆን? ስትል ጠየቀች። እርሷ ሕግ እንጂ ኮድ አልተማረችም። ጥያቄው ለማንም ያልተላከ፣ ማንም ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ነበር።

ካነበቡት አንዱ ኤሪክ ሄርስማን ነበር። ሄርስማን በሱዳንና በኬንያ ያደገ፣ ያኔ ፍሎሪዳ የሚኖር፣ ስለ አፍሪካ ቴክኖሎጂ የሚጽፍ ሰው ነው። አላባማ የሚኖር ዴቪድ ኮቢያ የሚባል ኬንያዊ ፕሮግራመር ያውቅ ነበርና ጥያቄውን ለእርሱ አደረሰው። አንዷ ደቡብ አፍሪካ፣ ሁለቱ በተለያዩ የአሜሪካ ግዛቶች፤ ለመገናኘት ቢሮም፣ ገንዘብም፣ የሥራ ውልም አልነበራቸውም። ኮቢያ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

በቀናት ውስጥ አንድ ካርታ ተሠራ። ጁሊያና ሮቲችን የመሳሰሉ ሌሎች ኬንያውያን ጸሐፊዎችም ተባበሩ። ገጹ ኡሻሂዲ ተባለ፤ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። ያየ ሰው ገጹን ይከፍትና የሆነውን፣ የሆነበትን ቦታና ሰዓት ይሞላል። ሪፖርቱ ሲታይና ሲጸድቅ በካርታው ላይ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ጥያቄው በወጣ በሳምንቱ አካባቢ ካርታው ለሕዝብ ተከፍቶ ነበር። መሥራቾቹ ኬንያ ውስጥ 45,000 ያህል ሰው እንደተጠቀመበት ይናገራሉ።

አሁን ከባዱ እንቆቅልሽ መጣ። ማንም ሰው መጻፍ ከቻለ ሐሰተኛውም ይጽፋል። የተቃጠለ ቤት ሳያይ ተቃጠለ የሚል፣ ጎረቤቱን ለማስጠቃት የሚዋሽ፣ ፈርቶ የሚያጋንን ሁሉ በዚያው በር ይገባል። ኮቢያ ይህን በገዛ እጁ እየቀመሰው ነበር። ማሻዳ የተባለ ትልቅ የኬንያውያን የመወያያ ድረ ገጽ ያስተዳድር ነበር፤ በዚያው ጃንዋሪ ማሻዳ በጎሳ ስድብና በዛቻ ተጥለቀለቀ። ለማረም ተሞከረ፣ አልተቻለም። በመጨረሻ ኮቢያ ዓመታት የለፋበትን ገጽ ዘጋው። በምትኩ ጎሳ የለኝም የሚል ስም ያለው ሌላ ገጽ ከፈተ።

ያው ሰው፣ በዚያው ወር፣ ለዚያው ሕዝብ ሁለት ገጽ ያስተዳድር ነበር። አንዱ ፈረሰ፣ ሌላው ቆመ። ምክንያቱን ፈልጎ ማሰላሰል የሚገባ ይመስለኛል። ማሻዳ ሰውን የሚጠይቀው ምን ታስባለህ ብሎ ነበር። ኡሻሂዲ የጠየቀው ምን አየህ፣ የት፣ መቼ ብሎ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ለስድብ ብዙ ቦታ አይተውም። በዚያ ላይ መሥራቾቹ ያልተጣራውን ሪፖርት ከመጣል ይልቅ ያልተረጋገጠ የሚል ምልክት አድርገውበት እንዲታይ ፈቀዱ፤ ከጋዜጣ ወይም ከእርዳታ ድርጅት ማስረጃ ሲገኝ ምልክቱ ይቀየራል። ካርታው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ መናገር ቻለ።

ፌብሯሪ 28 ቀን 2008 በኮፊ አናን ሸምጋይነት ኪባኪና ኦዲንጋ ሥልጣን ለመጋራት ተፈራረሙ። ለአንድ ቀውስ በጥድፊያ የተሠራው ካርታም ሥራውን የጨረሰ መሰለ። በሜይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በስደተኞች ላይ ጥቃት ሲነሳ ግን የካርታው ኮድ ተፈለገ። በዓመቱ መጨረሻ ምሥራቅ ኮንጎ ተከተለ። የኡሻሂዲ ሰዎች አንድ ነገር ተገነዘቡ፤ የሚፈለገው የኬንያ ካርታ ሳይሆን ማንም በየአገሩ ሊተክለው የሚችል ሶፍትዌር ነበር። ኮዱን እንደገና ጻፉት። ከዚያም ከፍተው ለሁሉም ሰጡት፤ ማንም ይውሰደው፣ ያንብበው፣ ያስተካክለው።

ይህን ሲያደርጉ ሁለተኛ የምስክሮች መዝገብ ከፈቱ ማለት ይቻላል። ከናይሮቢና ከጋና፣ በኋላም ከሩቅ አገሮች የመጡ ፕሮግራመሮች ስለ ኮዱ ሪፖርት ይልኩ ጀመር። ፕሮግራመሮች ባግ የሚሉት እንከን ሲገኝ የሚጻፈው ሪፖርት የራሱ ወግ አለው፤ ምን አደረግህ፣ ምን ይሆናል ብለህ ጠበቅህ፣ በእርግጥ የሆነው ምንድን ነው፣ በየትኛው ኮምፒውተርና በየትኛው እትም ላይ። አይሠራም ብሎ ብቻ የሚጽፍ ሰው ማንንም አይረዳም። ሌላው ሰው ያን እርምጃ ተከትሎ ያንኑ ስህተት በራሱ ኮምፒውተር ላይ ማየት ከቻለ ሪፖርቱ ተረጋገጠ ይባላል። ከኪቤራ የሚላክ የቃጠሎ ምስክርነትና ከአንድ ፕሮግራመር የሚላክ የእንከን ምስክርነት በአንድ ሚዛን ይመዘኑ ነበር።

ፈተናው ሳይታሰብ መጣ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ፖርት ኦ ፕረንስ ፈረሰች። በሰዓታት ውስጥ ኮቢያና የታፍትስ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ፓትሪክ ማየር የሄይቲን ካርታ ከፈቱ። ማየርና ጓደኞቹ ቦስተን አጠገብ ባለ መኖሪያ ቤት ሳሎን ተሰብስበው ሪፖርት ይለጥፉ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ 4636 በሚባል ቁጥር ከፍርስራሹ መሃል የጽሑፍ መልእክት ይጎርፍ ጀመር።

መልእክቱ ግን በክሪዮል ነበር፤ አድራሻውም አድራሻ አይመስልም ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከድሮው ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚባል ቦታ ኮምፒውተር አያገኘውም። መፍትሔው ከኮድ አልመጣም። በአሜሪካ፣ በካናዳና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ሄይቲያውያን መልእክቱን እየተረጎሙ፣ ያን ወፍጮ ቤት በልጅነታቸው ስለሚያውቁት ጣታቸውን በትክክለኛው ቦታ ላይ ያሳርፉ ነበር። በተመሳሳይ ቀናት ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ከሳተላይት ፎቶ እየቀዱ የከተማዋን መንገዶች በነጻው የኦፕን ስትሪት ማፕ ካርታ ላይ ሳሉ።

በማርች 2010 ናይሮቢ፣ ንጎንግ መንገድ ላይ ባለው የቢሾፕ ማጉዋ ሕንፃ አይሃብ የሚባል የፕሮግራመሮች መሰብሰቢያ ተከፈተ። ከመሥራቾቹ ዋናው ሄርስማን ነበር። የከተማዋ ወጣት ፕሮግራመሮች ቡናቸውን ይዘው በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጥ ጀመሩ። ኡሻሂዲ በዓለም ዙሪያ እየተተከለ ነበር፤ ምርጫ ለመታዘብ፣ ጎርፍ ለመከታተል፣ ጦርነት ለመመዝገብ። ዝናው ገነነ። በኮዱ ውስጥ ግን ያላዩት ነገር ተኝቶ ነበር።

በ2012 የሶፍትዌር ደኅንነት የሚያውቁ ሰዎች ኮዱን አነበቡት። ሊያነቡት የቻሉት ክፍት ስለነበረ ነው። ያገኙት አንድ አልነበረም፣ ብዙ ነበር። በአንዳንድ ገጾች ላይ ከውጭ የሚገባ ጽሑፍ ሳይጣራ ወደ መረጃ ቋቱ ይደርስ ነበር፤ ብልጥ አጥቂ ሪፖርት መስሎ ትእዛዝ ሊያስገባ ይችላል። በሌላ በኩል ማንነቱ ያልተጠየቀ ሰው ሪፖርት መፍጠር የሚችልበት ቀዳዳ ተገኘ።

ከሁሉም የሚያስደነግጠው አንዱ ነበር። ሌሎች ፕሮግራሞች ከኡሻሂዲ መረጃ የሚወስዱበት መስኮት አለ። በዚያ መስኮት አስተያየቶችን የጠየቀ ሰው የጸሐፊውን ኢሜይልና ከየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ እንደጻፈ ጭምር ማግኘት ይችል ነበር። ገጹ ላይ አይታይም፤ መጠየቁን ለሚያውቅ ግን ይሰጣል። ለአንድ የመኪና መሸጫ ገጽ ይህ ተራ ጉድለት ነው። ግድያ አይቻለሁ ብሎ ለጻፈ ሰው ግን የኢንተርኔት አድራሻው ገዳዮቹን ወደ ሰፈሩ ሊመራቸው ይችላል። ምስክርን ሊጠብቅ የተሠራው ቤት ምስክሩን ያጋልጥ ነበር።

ሌላው ቀዳዳ ማንም ሁለተኛ ጊዜ በማያየው ቦታ ነበር፤ ሶፍትዌሩን መጀመሪያ በሚተክለው ክፍል። ይህ ክፍል በአንድ ተከላ አንድ ጊዜ ይሠራና ይረሳል። ኡሻሂዲ በተጻፈበት በፒኤችፒ ቋንቋ ግን አንባቢን ወደ ሌላ ገጽ ሂድ ማለትና ሥራን ማቆም ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። ዘበኛ ለመጣው ሁሉ ቢሮው ተዘግቷል፣ በወዲያ በኩል ይሂዱ እያለ በሩን ግን ወለል አድርጎ እንደመተው ነው። ታዛዡ እንግዳ ይሄዳል፤ ሌባው ይገባል። ፕሮግራሙን የሚያስቆመው ኤግዚት የሚባል አንድ አጭር ትእዛዝ ነው። እርሱ በተወሰኑ ቦታዎች ሳይጻፍ ቀርቶ ነበር። ያን ያወቀ አጥቂ የገጹን የአስተዳዳሪ ሥልጣን መያዝ ይችላል፤ ምስክሮቹንም፣ ካርታውንም፣ የትኛው ተረጋገጠ የትኛው አልተረጋገጠም የሚለውንም ጨምሮ።

ቀዳዳዎቹ በይፋ ተመዘገቡ፤ እያንዳንዳቸውም ዓለም አቀፍ የእንከን መለያ ቁጥር ተሰጣቸው። ጥገናው 2.5 በተባለው እትም ወጣ። ኡሻሂዲ ጉድለቱን በስሙ ለዓለም አሳወቀ፤ አሮጌውን እትም የሚጠቀሙ ሁሉ እንዲቀይሩ የሚያደርጋቸው ይህ ብቻ ነበርና። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሄይቲው ካርታ ይልቅ የማደንቀው ይህን ነው። ዝናው ጫፍ በደረሰበት ጊዜ፣ በገዛ ቤቱ ላይ የቀረበውን ምስክርነት እንደ ኪቤራው ምስክርነት ተቀብሎ መዘገበ።

ኬንያ ደግሞ ወደ ሌላ ምርጫ እየተቃረበች ነበር።

ማርች 4 ቀን 2013 ኬንያውያን ድምፅ ለመስጠት ተሰለፉ። አይሃብ ውስጥ የኡሻሂዲ ሰዎችና በጎ ፈቃደኞች ኡቻጉዚ በተባለው ካርታ ላይ ከየምርጫ ጣቢያው የሚላክ ሪፖርት ያጣሩ ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑም በዚህ ጊዜ በቴክኖሎጂ ተማምኖ ነበር፤ የጣት አሻራ መዝገብ፣ ከየጣቢያው ውጤት የሚልኩ ስልኮች፣ ናይሮቢ ውስጥ ቦማስ በተባለው አዳራሽ የሚታይ ትልቅ ስክሪን። ከ2007ቱ ጨለማ በኋላ ሁሉም ነገር ዓይን ፊት እንዲቆጠር ተፈልጎ ነበር።

ቁጥሩ በስክሪኑ ላይ መሮጥ ጀመረ። ከዚያ አንድ አምድ የሁሉንም ዓይን ሳበ። የእጩዎቹ አምድ አልነበረም፤ የተበላሹና ውድቅ የተደረጉ ድምፆች አምድ ነበር። ከሌሎቹ ጋር በማይመጣጠን ፍጥነት ያድግ ነበር። ከ300,000 በላይ ሆነ። ጋዜጠኛው ጠየቀ፣ ፖለቲከኛው ጠየቀ፣ ቤቱ የተቀመጠው ተመልካች ጠየቀ፤ ይህን ያህል ሰው ወረቀቱን አበላሸ?

ጥያቄው ተራ አልነበረም። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት የሚሆነው ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ ያገኘ ነው ይላል። የተበላሸው ድምፅ ከተሰጠው ድምፅ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ገና ክርክር ነበር። ቢቆጠር አምዱ ባደገ ቁጥር የመሪው መቶኛ ይወርዳል፤ ሁለተኛ ዙር ምርጫ ይመጣል። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በቁጥር የተነሳ የነደደች አገር ስክሪኑ ላይ ያለውን አንድ አምድ ትንፋሿን ውጣ ትመለከት ነበር።

በመሃል የኤሌክትሮኒክ ማስተላለፊያው ራሱ ተሰናከለ። ኮሚሽኑ ወደ ወረቀት ተመለሰ፤ የምርጫ አስፈጻሚዎች ቅጾቻቸውን ይዘው ወደ ቦማስ መጡ። ቅጾቹ አንድ በአንድ ሲደመሩ አንድ አስገራሚ ነገር ታየ። ያ ያበጠ አምድ ሟሸሸ።

ኮሚሽኑ ምክንያቱን ነገረ። በሶፍትዌሩ ውስጥ እንከን ነበር፤ የተበላሹትን ድምፆች በስምንት ያባዛቸው ነበር።

ለምን በስምንት? በዚያ ምርጫ ለፕሬዚዳንትነት የቀረቡት እጩዎች ስምንት ነበሩ። ከመረጃ ቋት ጋር የሠራ ፕሮግራመር ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚጠረጥረው አንድ ነገር አለ። የአንድ ጣቢያ የተበላሸ ድምፅ አንድ ቁጥር ነው፤ የእጩዎቹ ውጤት ግን ስምንት ረድፍ ነው። ሁለቱ ሰንጠረዦች ሲጣመሩ ያ አንድ ቁጥር በየእጩው ረድፍ አጠገብ ይደገምና ስምንት ጊዜ ይደመራል። ጀማሪ ሁሉ አንድ ቀን የሚሠራው ስህተት ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ኮዱ እንደ ኡሻሂዲ ለሁሉም ክፍት ቢሆን ኖሮ ግን ግምት ባላስፈለገ፣ ከምርጫው ወራት አስቀድሞም አንድ ሰው አንብቦ ባገኘው ነበር።

ማርች 9 የመጨረሻው ውጤት ታወጀ። የተበላሸው ድምፅ 108,975 ብቻ ሆነ። ሲመሩ የቆዩት ኡሁሩ ኬንያታ 50.07 በመቶ አገኙ፤ ያም የተበላሹት ተቆጥረው ነው። ከግማሹ ያለፉት በ8,400 ያህል ድምፅ ነበር። ከሰባት መቶ ሺህ በላይ የሌለ ድምፅ የሚፈጥር እንከን ከዚህ ጠባብ ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር ማንም ሊያሰላው ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በወሩ መጨረሻ የተበላሸ ድምፅ ከስሌቱ መውጣት አለበት ሲል ወሰነ።

የ2017ቱ ምርጫ በደም ጀመረ። የኮሚሽኑን የኮምፒውተር ሥርዓት ከሚመሩት አንዱ የነበሩት ክሪስ ምሳንዶ ከድምፅ መስጫው ቀን አንድ ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ተገድለው ተገኙ። ከምርጫው በኋላ ተቃዋሚዎች የኮሚሽኑ ሰርቨር ለምርመራ ይከፈት አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ይከፈት ብሎ አዘዘ፤ ኮሚሽኑ ግን ትእዛዙን በሙሉ አልፈጸመም። ሴፕቴምበር 1 ቀን ዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ውጤት መሰረዙን አነበቡ። ይህ በአፍሪካ ታይቶ አያውቅም ነበር። በፍርዱ ውስጥ ለመመርመር ያልተከፈተው ሰርቨር ትልቅ ቦታ ያዘ።

በኦገስት 2022ቱ ምርጫ ኮሚሽኑ መንገዱን ለወጠ። የ46,229ኙን የምርጫ ጣቢያዎች የውጤት ቅጾች እንደደረሱት በይፋ ድረ ገጹ ላይ አወጣቸው፤ የፈለገ ይደምር አለ። የናይሮቢ የዜና ክፍሎች ወጣቶችን በየኮምፒውተሩ አስቀምጠው ቅጽ እያወረዱ ቁጥር ይተይቡ ጀመር። እያንዳንዱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቅጾቹን በራሱ ቅደም ተከተል ስለደመረ በአንዱ ቻናል ዊልያም ሩቶ ሲመሩ በሌላው ራይላ ኦዲንጋ ይመሩ ነበር፤ ሕዝቡ ግራ ተጋባ። ቅጾቹ ግን ሁሉም ፊት ነበሩ።

ኦገስት 15 ሩቶ በ50.49 በመቶ ማሸነፋቸው ታወጀ፤ ኦዲንጋ 48.85 አገኙ። ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ውጤቱን አንቀበልም አሉ። በማግስቱ ያቀረቡት ምክንያት ራሱ የእንከን ሪፖርት ነበር፤ የአራቱ እጩዎች መቶኛ ሲደመር 100.01 ይመጣል፣ ትርፉ 0.01 በመቶ ደግሞ 142,000 ያህል ድምፅ ነው አሉ። አገሪቱ ዳግም አፋፍ ላይ ቆመች።

ሪፖርቱ ግን ቦታውና ቁጥሩ በግልጽ የተቀመጠ ስለነበር ማንም ሊሞክረው ይችል ነበር። ኬንያውያን ስልካቸውን አውጥተው አሰሉ። 50.49፣ 48.85፣ 0.44ና 0.23 ሲደመሩ በእርግጥ 100.01 ይሆናሉ። የተቆጠረው ድምፅ ከ14.2 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል፤ የዚህ 0.01 በመቶው 1,421 እንጂ 142,000 አይደለም። እርሱም ቢሆን የማንም ትርፍ ድምፅ አልነበረም፤ እያንዳንዱ መቶኛ ወደ ሁለት አሃዝ ሲጠጋጋ የተፈጠረ ነው። የአራቱን እጩዎች ሙሉ ቁጥር የደመረ ሰው ትርፍ አላገኘም። ስሌቱ በሰዓታት ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ተዳረሰ።

ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚህ ጊዜ ሰርቨሩም ቅጾቹም በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ተመረመሩ። ሴፕቴምበር 5 ቀን 2022 ሰባቱም ዳኞች ውጤቱን በአንድ ድምፅ አጸኑት።